ግንበኛው ከመምጣቱ በፊት፦ የግንባታ ፈቃድ (ሄቴር ብኒያ) ምንድን ነው? እንዴትስ ይጠየቃል?

ስለ ቤት በተነጋገርንባቸው ዝግጅቶች ወደ ስቱዲዮ የሚደወሉት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አንዱ «በረንዳዬን ልዘጋ ነው፤ ዒሪያውን መጠየቅ አለብኝ ወይ?» ይላል። ሌላው «ካብላኑ ፈቃድ አያስፈልግም ብሎኛል፤ ልመነው?» ይላል። ከሁሉ ግን አንዲት እናት የነገሩኝ ከአእምሮዬ አልወጣም።

እኚህ እናት ከዓመታት በፊት በማሽካንታ ምድር ቤት ገዙ። ቤቱን የወደዱት ከጓሮ በኩል በተጨመረችው አንዲት ክፍል ምክንያት ነው። ወንድ ልጃቸው የሚተኛው እዚያ ነው። አንድ ቀን በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። ማንበብ ስላልቻሉ ልጃቸው ከጦር ሠራዊት ለሻባት እስክትመጣ ብለው ከቴሌቪዥኑ ኋላ አስቀመጡት። ልጅቷ መጥታ ስታነበው ሦስት ሳምንት አልፎታል። ደብዳቤው «ይህች ክፍል ያለ ፈቃድ የተሠራች ናት» ይላል። እሳቸው አንዲት ብሎኬት አላስቀመጡም፤ የሠራው ከእሳቸው በፊት የነበረው ባለቤት ነው። ቢሆንም ደብዳቤው የመጣው በእሳቸው ስም ነው።

ስማቸውንና ከተማቸውን አልጠቅስም። ነገር ግን ይህ በሌላው ቤት እንዳይደርስ ዛሬ ጉዳዩን ከሥሩ እናያለን። አስተማሪ የነበርኩ ሰው ነኝና ቀስ እያልን፣ ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

ቤቱ የእኔ ነው፤ ፈቃዱ ለምን?

በጎንደርም ሆነ በትግራይ መንደሮቻችን ጎጆ ለመቀለስ እንጨት፣ ጭቃና ሣር ካለ የቀረው የደቦ ነገር ነበር። ጎረቤት ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጎጆው ይቆማል። ያኔም ቢሆን «መሬቱ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ብዙዎቹ አባቶቻችን ርስት ስላልነበራቸው የባለርስቱን ፈቃድ ሳያገኙ ምሰሶ አይተክሉም ነበር።

እዚህ እስራኤል ውስጥ ደግሞ ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ በስማችሁ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ በቤቱ ላይ የመገንባት መብት ሌላ ነገር ነው። ይህን የሚወስነው በ1965 የወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ (ሆክ ሃቲህኑን ቬሃብኒያ) ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ ቁራጭ መሬት የጸደቀ ፕላን፣ በዕብራይስጥ «ቶህኒት» የሚባል አለው። ፕላኑ በዚያ መሬት ላይ ስንት ሜትር ካሬ፣ ስንት ፎቅ፣ ከጎረቤት አጥር ምን ያህል ርቆ መሥራት እንደሚቻል ይወስናል። ቦታው ለመኖሪያ፣ ለንግድ ወይስ ለሕዝብ መናፈሻ እንደሆነም የሚነግረን እሱ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ማለት የዒሪያው ሰው ደስ ሲለው የሚሰጠው፣ ሲከፋው የሚከለክለው ስጦታ አይደለም። «ልትሠሩት ያሰባችሁት ከፕላኑ ጋር ይስማማል ወይ?» የሚል ምርመራ ነው። ከተስማማ ፈቃዱ ይገባችኋል። ካልተስማማ ዘመድ ቢኖራችሁም አይጠቅማችሁም። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ይቀላል።

ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍል «ቫዓዳ መቆሚት» ይባላል፤ የአካባቢው የፕላንና የግንባታ ኮሚቴ ማለት ነው። በትልልቅ ከተሞች ቢሮው በዒሪያው ውስጥ ነው። በትንንሽ ከተሞች ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ከተሞችና መንደሮች ተጣምረው አንድ ኮሚቴ ይኖራቸዋል፤ ያ «ቫዓዳ መርሃቪት» ይባላል፤ ቢሮውም በሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። የእናንተ የቱ እንደሆነ በዒሪያው የስልክ መስመር 106 ደውላችሁ ጠይቁ። ከአካባቢው ኮሚቴ በላይ የወረዳ ኮሚቴ (ቫዓዳ መሆዚት)፣ ከእሱም በላይ ብሔራዊ ምክር ቤት አለ።

ፈቃድ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

በመርሕ ደረጃ መገንባት፣ መጨመርና ማፍረስ ሁሉ ፈቃድ ይፈልጋል። ክፍል መጨመር፣ በረንዳ መዝጋት፣ ጣሪያ ላይ መሥራት፣ አንዱን ቤት ሁለት አድርጎ ማከራየት፣ ማማድ መጨመር ሁሉም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ማማድ ከሆነ በተጨማሪ የሀገር ውስጥ ግንባር ዕዝ (ፒኩድ ሃዖሬፍ) የሚሰጠው ማጽደቂያ አለ። የማማድ ሕጎች በቅርብ ዓመታት ለባለቤቶች እንዲቀሉ ተደርገዋልና ቢሮው ስትሄዱ «ለማማድ አጭር መንገድ አለ ወይ?» ብላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ።

ፈቃድ የማይጠይቅም አለ። ሕጉ በቤት ውስጥ የሚደረግ ለውጥን ነጻ ያደርጋል። ግን ልብ በሉ፦ ለውጡ የሕንፃውን ውጫዊ መልክ፣ የሕንፃውን አጥንት (ሼሌድ) እና ለሁሉ ነዋሪ የሚያገለግለውን የቧንቧ መስመር የማይነካ መሆን አለበት፤ የሌላውን ሰው መብትም መንካት የለበትም። ወጥ ቤት ማደስ፣ ሴራሚክ መቀየር፣ ቀለም መቀባት ችግር የለውም። ግድግዳ ማፍረስ ካሰባችሁ ግን ያ ግድግዳ ሕንፃውን የተሸከመ ይሁን አይሁን መሐንዲስ ይይ። «ሳንኳኳው ባዶ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። የማማድ ግድግዳ ደግሞ ጨርሶ አይነካም።

በ2014 የወጡ ደንቦችም ትንንሽ ሥራዎችን ከፈቃድ ነጻ አድርገዋል። ለምሳሌ የሚከተሉት ናቸው፦

- የግቢ ዕቃ ቤት (ማህሳን)፦ ከቀላል ነገር የተሠራ፣ እስከ 6 ሜትር ካሬ፣ ቁመቱ ከ2.05 ሜትር ያልበለጠ።
- ፔርጎላ፦ እስከ 50 ሜትር ካሬ። ጣሪያው ክፍተት ያለው መሆን አለበት። ላዩን በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ ከደፈናችሁት ፔርጎላ መሆኑ ቀርቶ ክፍል ሆነ ማለት ነው።
- አጥር፦ ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ።
- ከበር ወይም ከመስኮት በላይ የሚወጣ ትንሽ ጣሪያ (ጋጎን)፦ እስከ 2 ሜትር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ፈቃድ አያስፈልግም» ሲባል «እንደፈለግህ ሥራ» ማለት ስለሚመስለው ነው። አይደለም። ሥራው ከፕላኑና ከዒሪያው የአካባቢ መመሪያ (ሃንሃዮት መርሃቪዮት) ጋር መስማማት አለበት። በጋራ ቦታ ላይ ከሆነ የጎረቤት ስምምነት ያስፈልጋል። እንደ ዕቃ ቤትና ፔርጎላ ላሉትም ሥራው ካለቀ በኋላ በ45 ቀናት ውስጥ ለኮሚቴው በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ያን የማሳወቂያ ወረቀት ቅጂ ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡት። ነገ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የምታሳዩት እሱን ነው።

ጥያቄው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጅ ተወልዶ ወይም አያት አብረዋችሁ ሊኖሩ መጥተው አንድ ክፍል መጨመር ፈለጋችሁ እንበል።

አንደኛ፦ ቁጥሮቻችሁን ያዙ። በመሬት መዝገብ እያንዳንዱ ቦታ የሚታወቀው በመንገድ ስም ሳይሆን በጉሽ እና በሄልካ ቁጥር ነው። ቁጥሮቹ በአርኖና ደረሰኝ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። ካልሆነ በመንግሥት የካርታ ድረ ገጽ «ጎቭማፕ» ላይ አድራሻችሁን ስትጽፉ ይወጣሉ። ቀጥሎ ከታቡ የባለቤትነት ማውጫ (ኔሳህ ታቡ) አውጡ። በኢንተርኔት በትንሽ ክፍያ ይገኛል። በእስራኤል አብዛኛው መሬት፣ 93 ከመቶ ያህሉ፣ የሚተዳደረው በእስራኤል መሬት ባለሥልጣን (ራሹት መካርከኤ ይስራኤል) ነው። ውላችሁ ከባለሥልጣኑ ጋር ከሆነ የእሱም ስምምነት ያስፈልግ እንደሆነ አጣሩ። በመንግሥት ኪራይ ቤት (ዲዩር ጺቡሪ) የምትኖሩ ደግሞ ጥያቄውን ማቅረብ የምትችሉት ቤቱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ሲስማማ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ኮሚቴው ለሕዝብ ክፍት የሆነበት ሰዓት (ካባላት ካሃል) አለው። ሄዳችሁ «በዚህ ጉሽና ሄልካ ላይ ስንት ሜትር የመገንባት መብት ቀርቶናል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዝኹዮት ብኒያ» የምትለውን ቃል ያዙ፤ የግንባታ መብት ማለት ነው። ምንም ካልቀረ ለአርክቴክት ከመክፈላችሁ በፊት ማወቃችሁ ትርፍ ነው።

ሦስተኛ፦ ባለሙያ ያዙ። የፈቃድ ጥያቄ ተራ ሰው ሞልቶ የሚያስገባው ፎርም አይደለም። ጥያቄውን የሚያዘጋጅ አርክቴክት ወይም ሃንዳሳይ (ዖሬህ ባካሻ)፣ የሕንፃውን አጥንት የሚያሰላ መሐንዲስ፣ ቦታውን የሚለካ ቀያሽ (ሞዴድ) ያስፈልጋሉ። ዋጋ ከሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያውም ደረጃ በደረጃ ይሁን። በተለይም የመጨረሻው ክፍያ ፈቃዱ እጃችሁ ሲገባ የሚከፈል ቢሆን ይሻላል።

አራተኛ፦ የመረጃ ፋይል (ቲክ ሜይዳ)። ባለሙያው «ሪሹይ ዛሚን» በሚባለው የኢንተርኔት ሥርዓት በኩል መረጃ ይጠይቃል። ኮሚቴው በዚያ ቦታ ላይ የሚሠራውን ፕላን፣ መመሪያዎችንና የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ዘርዝሮ ይመልሳል። ይህ ወረቀት የፈተናውን ጥያቄ አስቀድሞ እንደማግኘት ነው። አስተርጉማችሁ አንብቡት።

አምስተኛ፦ ጥያቄው ይቀርባል። ኮሚቴው መጀመሪያ ሰነዶቹ የተሟሉ መሆናቸውን ያያል፤ ቀጥሎ ከፕላኑ ጋር ያመሳክራል። ከፕላኑ ትንሽ መውጣት ካስፈለገ «ሃካላ» ይጠየቃል። ያኔ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ጎረቤቶች እንዲያውቁ ይደረጋል፣ ለመቃወምም 15 ቀን ይሰጣቸዋል። ትንንሽ ለሆኑ አንዳንድ ሥራዎች ደግሞ አጭር መንገድ (ሪሹይ ባዴሬህ መኩጼሬት) አለ። ሥራችሁ በዚያ ይገባ እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁት።

ስድስተኛ፦ ውሳኔው ሲመጣ ሁኔታዎች ይኖሩታል፤ ክፍያ፣ ተጨማሪ ሥዕል፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ማጽደቂያ። «ኮሚቴው ተስማማ» ማለት ገና ፈቃድ ማለት አይደለም። ሁኔታዎቹ ተሟልተው፣ ተከፍሎ፣ የፈቃዱ ወረቀት ሲሰጣችሁ ነው ፈቃድ የሚሆነው። ከዚያም ሥራ ለመጀመር ማጽደቂያ፣ ሲያልቅ ደግሞ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት (ትዑዳት ጌመር) አለ። ብዙ ሰው ቤቱ ካለቀ በኋላ ይህን የመጨረሻ ወረቀት ሳያወጣ ይቀራል። ሲሸጥ ጊዜ ነው የሚቆጨው። ፈቃዱም የጊዜ ገደብ አለው፤ የሚያበቃበት ቀን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

ጎረቤቶችስ?

በሕንፃ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የውጭ ግድግዳው፣ ግቢው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። የ1969 የመሬት ሕግ (ሆክ ሃመካርከኢን) የጋራውን ንብረት ወስዶ ቤት ለማስፋት የሦስት አራተኛ ቤቶች ባለቤቶችን ስምምነት ይጠይቃል፤ እነዚህ ሰዎች ከጋራው ንብረት ሁለት ሦስተኛው ያላቸው መሆን አለባቸው። ስለዚህ ሥዕሉን ይዛችሁ አስቀድማችሁ የጎረቤቱን በር አንኳኩ። ቡና አፍልታችሁ ጥሩና አስረዱ። የተስማማውን በፊርማ ያዙት፤ የቃል ስምምነት ቤቱ ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል። ጎረቤታችሁ ሊሠራ ሲል ለእናንተም ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል። ፀሐያችሁን ወይም መተላለፊያችሁን የሚነካ ከሆነ በተሰጠው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃወሙ። ቀኑ ካለፈ በኋላ መጮህ ዋጋ የለውም።

ምን ምን ይከፈላል?

ከባለሙያዎቹ ሌላ ለኮሚቴው የፈቃድ ክፍያ (አግራ) አለ። እንደ ሥራው ዓይነት ለመንገድ፣ ለውኃና ለፍሳሽ የልማት ክፍያዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። ከሁሉ የሚከብደው «ሄቴል ሃሽባሃ» ነው። አዲስ ፕላን ወይም ሃካላ የመሬታችሁን ዋጋ ከፍ ሲያደርገው የጭማሪው ግማሽ ይከፈላል።

ግን ሕጉ ለመኖሪያ ቤት ነጻ የሚያደርግበት መንገድ አለው፤ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ይፈራሉ። ለራሳችሁ ወይም ለቅርብ ዘመዳችሁ መኖሪያ ቤቱን ስታሰፉ ጠቅላላ ስፋቱ ከ140 ሜትር ካሬ ካልበለጠ ይህን ክፍያ አትከፍሉም። ነጻነቱ እንዲጸና ግንባታው ካለቀ በኋላ ቤቱ ሳይሸጥ 4 ዓመት መቆየት አለበት። መንግሥት «ሽኩናት ሺኩም» ብሎ ባወጀው ሰፈር ያለ የመኖሪያ ቤትም ከዚህ ክፍያ ነጻ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በቆዩ ሰፈሮች ስለሆነ የእናንተ ሰፈር በዚህ ውስጥ እንዳለ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ግምቱ በዛ ካላችሁ ማስታወቂያው በደረሳችሁ በ45 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

እምቢ ቢሉስ?

ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንዱ ምክንያት ሥዕሉን በማስተካከል የሚፈታ ነው። ካልተስማማችሁ ለወረዳው የይግባኝ ኮሚቴ (ቫዓዳት ዓራር) ማመልከት ትችላላችሁ። ጊዜው 30 ቀን ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ከቴሌቪዥን ኋላ የተቀመጠች ደብዳቤ 30 ቀኗን ብቻዋን ትቆጥራለችና።

ያለ ፈቃድ ከተሠራ

በ2017 ሕጉ በማሻሻያ ቁጥር 116 ጠንክሯል። «የካሚኒጽ ሕግ» ሲባል የምትሰሙት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በአስተዳደር ከባድ ቅጣት ሊጣል ይችላል፤ የማፍረስ ትእዛዝም ሊወጣ ይችላል። «ካብላኑ እኔ ኃላፊ ነኝ ብሎኛል» የሚለው ቃል ባለቤቱን አያድነውም። ካብላኑ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ግድግዳው ከእናንተ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ግንበኛ ስትይዙ በካብላኖች መዝገብ (ራሻም ሃካብላኒም) ውስጥ ስሙ መኖሩን እዩ፤ ፈቃዱን ሳታዩም አንድ ሸቀል አትስጡ።

ደብዳቤ ከመጣባችሁስ? በዚያው ቀን አስነብቡት። ደብዳቤው ማስጠንቀቂያ፣ ቅጣት ወይስ የማፍረስ ትእዛዝ እንደሆነ፣ የመጨረሻው ቀን መቼ እንደሆነ ለዩ። የዕብራይስጥ ችግር ካለባችሁ በምኩታሉ ባለሙያ፣ በዒሪያው ያለ የማኅበረሰባችን ሠራተኛ ወይም ጠበቃ እንዲያግዛችሁ አድርጉ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ያለውን የሕግ እርዳታ (ሲዩዓ ሚሽፓቲ) መጠየቅ ይችላል። ሕጻን ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። የማፍረስ ትእዛዝን ለእናቱ ማንበብ ለአሥር ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

በመግቢያዬ ወዳነሳኋቸው እናት ልመለስ። ከመፈረማቸው በፊት አንድ ነገር ቢደረግ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። በኮሚቴው ቢሮ ለእያንዳንዱ ሕንፃ «ቲክ ብንያን» የሚባል ፋይል አለ። በውስጡ የጸደቀው ሥዕል አለ። ሥዕሉን ይዛችሁ ወደ ቤቱ ሂዱና ክፍሎቹን ቁጠሩ። ሥዕሉ ላይ ሁለት ክፍል ካለና ቤቱ ውስጥ ሦስት ካያችሁ ሦስተኛዋን ጠይቁ፤ ማን ሠራት? በምን ፈቃድ? ጠበቃችሁ ይህን እንዲያጣራ በግልጽ ንገሩት። ለማሽካንታ ባንኩ የሚጠይቀው የግምት አውጪ (ሻማይ) ሪፖርትም ያለ ፈቃድ የተሠራውን ብዙ ጊዜ ይጠቅሳል። ባንኩ አንብቦታል፤ እናንተም አንብቡት። «ሁሉም ሰው እንዲሁ ሠርቷል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ በተለይ ቆም በሉ።

የእሳቸው ጉዳይ እስካሁን አላለቀም። አርክቴክቱ ፋይሉን አይቶ በቦታው ላይ ጥቂት ሜትር የግንባታ መብት መቅረቱን አግኝቷል። ስለዚህ የክፍሏን የተወሰነ ክፍል ሕጋዊ ለማድረግ ጥያቄ ቀርቧል፤ ከድንበሩ አልፎ የወጣው ግን መፍረሱ አይቀርም። የልጁ አልጋ ትገባ እንደሆነ እየለኩ ነው። «ያኔ አንድ ሰው ሥዕሉን እይ ቢለኝ ኖሮ» አሉኝ። ይህን የጻፍኩት ያ አንድ ሰው ለመሆን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ከመሥራት በፊት የመገንባት መብት መኖሩን ጠይቁ። ከመግዛት በፊት ቲክ ብንያኑን እዩ። ደብዳቤ ሲመጣ በዚያው ቀን አስነብቡና ቀኑን ቁጠሩ። ይህን ጽሑፍ ለማያነቡ ወላጆቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ቤታችሁን የሰላም ቤት ያድርግላችሁ። በሚቀጥለው ዝግጅት ሰላም ያገናኘን።